ለጊዜው የተበየደ መረገጫ

በያጁን በስሙ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሰፈርተኛው፣ ደንበኛው፣ አጠገቡ ጎማ የሚጠግነው ጎረቤቱ ሳይቀር «ለጊዜው» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ በውል አይታወቅም፤ ጥፋቱ ግን የራሱ የአፉ ነው። በር ሠርቶ ሲያስረክብ «ለጊዜው ይሁናችሁ» ይላል። የውሃ በርሜል መቀመጫ አቁሞ፣ በሁለት እጁ ይዞ ነቅንቆ፣ ንቅንቅ አልል ሲለው «ለጊዜው ይዟል» ይላል። የትምህርት ቤቱን የብረት አጥር ለጊዜው ብሎ ካቆመው ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንዴ መኪና ገጭቶት ነበር፤ ጋራዥ የገባው መኪናው ነው፣ አጥሩ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

ነገሩ ሌላ ሚስጥር የለውም፤ ሥራውን ማወደስ ያስፈራዋል። ጎበዝ ሲሉት መሬት መሬት ያያል። አለቀ፣ ጠነከረ ብሎ አፉን ሞልቶ ከተናገረ የሆነ ነገር ሰምቶ የሚያፈርስበት ይመስለዋል። ሰዉ ግን ይህን ከየት ይወቅለት? እያደር ቃሉን ገልብጦ መስማት ለመደ። እሱ ለጊዜው ካለ፣ በቃ፣ የልጅ ልጅ ያየዋል ማለት ሆነ። እሱም አብሮ ይስቃል። ማንንም የማይጎዳ ቀልድ ነበርና እንደ ቀልድ ኖረ።

ኑሮውም ከአፉ የተለየ አልነበረም። ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለጊዜው ብሎ የገባባት በሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አሁን ሃምሳ ስምንት ሊሞላው ነው። ግድግዳዋ ላይ አንድ ምስማር አልመታም። ልብሱ ዛሬም ከሻንጣ ይወጣል፣ ታጥቦ ተመልሶ ሻንጣ ይገባል። አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሦስት ዓመት ጠበቀችው። እንደ ደንበኞቹ ቃሉን ገልብጣ መስማት አልሆነላትምና ሌላ አገባች። ሠርጓ ላይ የድንኳኑን ብረት የበየደው እሱ ነው ይባላል። ስለዚህ ነገር ሲጠይቁት መዶሻውን ያነሳል።

ዘመድ የሚለው አንዲት ታናሽ እህቱን ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሾፌሩን መጀመሪያ ያገኘው በያጁ ነበር። የተሰበረ ማጠፊያ ሊያስበይድ መጥቶ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሻይ ሲጠጡ ተግባቡና በዓመቱ አማች ሆኑ። ሾፌሩ ደልደል ያለ፣ ሲናገር ግቢው የሚሰማው፣ ከጋቢና ሲወርድ መሬቱን የገዛው የሚመስል ሰው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ነድቶ ሰው አልገጨም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። የራሱ መኪና ባለቤት የሆነው ከስድስት ዓመት ወዲህ ነው። መኪናዋን «ሴትዮዋ» ይላታል። ሚስቱ በዚህ ትቀናለች፤ የምሯን ይሁን የቀልዷን እሷም ለይታ አታውቀውም። በያጁ እሑድ እሑድ ከእነሱ ጋር ምሳ ይበላል። በሳምንት ውስጥ ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚበላት ምሳ ያቺ ብቻ ናት።

የዛሬ ሰባት ወር ይህ ሾፌር ወደቀ። አንድ መጋዘን ግቢ ውስጥ መኪናዋን አቁሞ፣ እንደ ልማዱ በግራ በኩል ሲወርድ፣ ከጋቢናው ከፍታ ሲሚንቶ ላይ አረፈና የዳሌው አጥንት ተሰበረ። እዚያ የነበረ ሌላ ሾፌር ደንግጦ፣ በዚያችው መኪና ጭኖት ወደ ሐኪም ሲበር፣ የግቢውን በር ቋሚ በመኪናዋ ግራ ጎን ፋቀው። በኋላ ሰው መኪናዋን ሲያያት ወደ ጋቢና የሚወጣበት የግራው መረገጫ ተጣሞ፣ በአንድ በኩል ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። የበሩ ቋሚ ገነጠለው ተባለ፤ የተጠራጠረም አልነበረም። ሾፌሩ ራሱ የሚያስታውሰው እግሩን መዘርጋቱን፣ ከሥሩም ምንም እንዳልነበረ ብቻ ነው። መረገጫውን ስቼው አየሩን ረገጥኩ ይላል።

አጥንቱ ገጠመ። ሐኪሙም በትሩን ጥለህ መሄድ ትችላለህ፣ መንዳትም ትችላለህ ብሎ ካሰናበተው ሁለት ወር ሆነው። ሾፌሩ ግን በትሩን አልጣለም። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲመጣ ግድግዳ ይይዛል፤ ደፍ ሲሻገር አቀርቅሮ እግሩን ያያል። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ሚስቱን ውሃ ሲጠይቃት እንኳ ሁለት ጊዜ ካልደገመው አይሰማም። የገዛ እግሩን ማመን አቅቶታል፤ እግሩን የማያምን ሰው ደግሞ ያን ሁሉ ብረት ይዞ ቁልቁለት አይወርድም። አንድ ቀን ሴትዮዋ ትሸጥ አለ። ሚስቱ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰች፤ ፍንክች አላለም። ገዢ ተገኘ። ገዢው ዓርብ መጥቼ ፈርሜ እወስዳታለሁ፣ እስከዚያ ግን ሁለቱም መረገጫዎች ይቀየሩ አለ። እህትየውም ለወንድሟ ደወለች።

ሰኞ ጠዋት በያጁ መሣሪያውን ይዞ እህቱ ግቢ ገባ። በቀኙ ጀመረ። የቀኙን መረገጫ ለዓመታት የተፈናጠረ ድንጋይ ቀጥቅጦት መሃሉ ረግቧል፤ ጠርዙን ዝገት በልቶታል። ብሎኖቹ እምቢ ሲሉት ናፍጣ እያጠጣ፣ መዶሻ እያቀመሰ አንድ በአንድ ፈታቸው። አንዱ ጭራሽ ስላስቸገረው በመጋዝ ቆረጠው። ከዚያ ወደ ግራው ዞረ፣ ካርቶን አነጠፈ፣ በጀርባው ተኝቶ ከሥር አየ።

መኪናዋን ከሥር ከተሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው፣ ሁለት የብረት ክንዶች ይወጣሉ፤ መረገጫው የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። የኋለኛው ክንድ ተጣሟል እንጂ አለ። የፊተኛው ከሥሩ ለቋል። የበር ቋሚ የገነጠለው ብረት ይቀደዳል፣ ይጠማዘዛል፤ ይህኛው ክንድ ግን ቀጥ እንዳለ፣ ለስለስ ብሎ ነው የወረደው። በያጁ ጥቁሩን ቀለም በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከሥሩ ሁለት ነጥብ ብየዳ ወጣ፤ እያንዳንዱ የባቄላ ፍሬ ቢያህል ነው። ሁለቱም መሃል ለመሃል ተሰብረዋል። የቀረው ዙሪያ፣ ብየዳ ሊዞረው የሚገባው ሁሉ፣ እሳት የሚባል አልነካውም።

ማን እንደበየደው መጠየቅ አላስፈለገውም። ሰው የእጅ ጽሑፉን እንደሚያውቅ እሱም ብየዳውን ያውቃል።

ሾፌሩ ከመውደቁ ሁለት ወር በፊት ነበር። ጭነት እንደጫነ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ ቆሞ፣ የግራው ክንድ ተሰንጥቋል፣ ቶሎ በልልኝ አለው። በያጁ የተሰነጠቀውን ቆርጦ ጣለ፣ አዲስ ክንድ ለክቶ ገጠመ፣ ቦታውን እንዲይዝለት ሁለት ነጥብ ጣል አደረገ። ዙሪያውን ሊበይድ ሲል መብራት ጠፋ። ሃያ ደቂቃ ጠበቁ፤ አልመጣም። ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። በያጁ ባዶ ብረት ሲወጣ ማየት ስለማይወድ ብሩሹን አነሳና ቀለም ቀባው። ቀለሙ የተበየደውንም ያልተበየደውንም እኩል አለበሰው። ከዚያ ብሩሹን እየጠረገ ተናገረ።

«ይሄ ለጊዜው ነው። ስትመለስ ዙሪያውን እበይደዋለሁ።»

«የአንተን ለጊዜው እናውቀው የለ?» አለ ሾፌሩ ከጋቢናው ሆኖ። «እኔ ቀድሜው አረጃለሁ።»

በያጁም ሳቀ። በዕድሜው አንድ ጊዜ ቃሉን የምሩን ተናገረ፤ እሷንም በዚያችው በቀልዱ ድምፅ ነው የተናገራት። አይ አማቼ፣ የዛሬው እውነት ነው፣ እስክትመለስ በቀኝ ውረድ ቢል ምን ነበረበት? የአንድ ትንፋሽ ንግግር ነው። ግን ሳቁ ቀደመው፣ መኪናዋም ሄደች። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ አራት ጊዜ ተመላልሷል። አንዱን ቀን እንዲያውም እዚያው መረገጫ አጠገብ ቆመው ሻይ ጠጥተዋል። ያን ቀን በያጁ ትዝ ብሎት ነበር፤ የብየዳ ዘንጉ፣ ኤሌክትሮዱ፣ አልቆበት ስለነበር በሚቀጥለው አለ። ከዚያ ረሳው።

አማችህ ወደቀ ሲባልስ ትዝ አላለውም? ትዝ ብሎታል ማለት ይከብዳል፤ አላለውም ማለትም ውሸት ነው። ያቺን ጠዋት ሊያስታውስ ጀምሮ ትቶት ነበር። ወዲያው የበር ቋሚ ነው ሲባል ግን እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፤ ሰባት ወርም ተኝቶ አደረ። አሁን ከመኪናው ሥር ተጋድሞ የሚያፍረው ከብየዳው ይልቅ በዚህ ነው።

የበትር ድምፅ ሰማ። ሾፌሩ ከበረንዳው ወርዶ፣ ከመኪናዋ አምስት እርምጃ ርቆ ቆመና እንቅልፍ ወሰደህ ወይ ብሎ ጠየቀው። በያጁ የወለቀውን ክንድ መሣሪያ ቦርሳው ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ ሥር ሸጉጦ ወጣ። ልብሱን አራገፈ። ብሎኑ አስቸገረኝ አለ።

ሾፌሩ የተንጠለጠለውን መረገጫ ብዙ አየው።

«ብረት ቢሆን የከዳኝ ጥሩ ነበር» አለ። «ብረት ይቀየራል። እኔን የከዳኝ እግሬ ነው።»

በያጁ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ምን ማለት እንዳለበት፣ ምን እንደሚያስከትልም ጠንቅቆ ያውቃል። አልሳትከውም፣ ረግጠኸዋል፣ ያልያዘው የእኔ ብየዳ ነው ቢለው ሰውየው እግሩን ይታረቃል፤ ሴትዮዋም አትሸጥም። ግን የእሑዷ ምሳ፣ እህቱ «ጋሼ ግባ» የምትልበት በር፣ አማቼ የሚለው ድምፅ፣ ያ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃል። ይህን እያሰበ እህቱ ሻይ ይዛ ብቅ አለች። ጋሼ፣ ጠቁረሃል፣ ምን ሆነሃል አለችው። ምንም አልሆንኩም አለ። በልቡ ነገ እነግረዋለሁ ብሎ ሻዩን ጠጣ።

ማክሰኞና ረቡዕ ጋራዡ ውስጥ አዲሶቹን መረገጫዎች ሠራ። እንዲህ ያለ ሥራ በዚያ ጋራዥ ታይቶ አይታወቅም። የሚረገጠውን፣ ጫማ እንዳያንሸራትት፣ ጉጥ ጉጥ ካለው ወፍራም ላሜራ ቆረጠው፤ ጠርዙን አጥፎ ከሥሩ አንግል ብረት አለበሰው፤ ክንዶቹን ከሚያስፈልገው እጥፍ አወፈራቸው። አንዱን መስመር በይዶ ቅርፊቱን አራግፎ ያየዋል፤ አላመነውም፣ በላዩ ይደግመዋል። ጎማ ጠጋኙ ቆሞ ሲያየው ቆየና ድልድይ ነው ወይ የምትሠራው አለው። በያጁ አልሳቀም። ጎማ ጠጋኙ ቀልዱ ስላልያዘለት ቅር ብሎት ሄደ። ምሽት ላይ በያጁ ሻንጣው አጠገብ ተቀምጦ፣ ክንዱን ከቦርሳው አውጥቶ ሁለቱን ነጥብ በአውራ ጣቱ ሲዳስስ፣ ነገ አለ፤ ደግሞ ነገ።

ሐሙስ መረገጫዎቹን ገጠመ። ብሎኑን አጥብቆ፣ ዳዶውን ደራርቦ፣ ወጥቶ ቆመበት። ዘለለበት። መኪናዋ ስትወዛወዝ መረገጫው ጭጭ አለ። ሾፌሩ በረንዳው ላይ ሆኖ ያያል።

በያጁ ወርዶ ናና ሞክረው አለው። ሾፌሩ መጀመሪያ አንገቱን ነቀነቀ፤ ኋላ ምን እንዳሰበ እንጃ መጣ። በትሩን ለበያጁ ሰጠው። የበሩን እጀታ ያዘ። ግራ እግሩን አነሳና መረገጫው ላይ ሊያሳርፍ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ጫማውና ላሜራው መካከል አራት ጣት ያህል ነው የቀረው። እግሩ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት በቀን አሥር ጊዜ የወጣው ደረጃ ነው። እግሩን ቀስ ብሎ ወደ መሬት መለሰ።

«ገዢው ይሞክረው» አለ። ከዚያ ነገሩን ለማቅለል ይመስላል፣ ፈገግ ሊል ሞከረ። «ዛሬ ለጊዜው ነው አትልም እንዴ?»

በያጁ በትሩን መለሰለት። መናገሪያው ያ ነበር። ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይመጣም፤ ራሱም አውቆታል። እሱ ግን የክንዶቹ ቀለም እስኪደርቅ አትንኳቸው አለ። ይህን ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ። እስከ ቤቱ ድረስ ራሱን እየሰደበ ሄደ፤ ስድቡ ግን ወደ ኋላ አልመለሰውም።

ዓርብ ገዢው መጣ። ቀጭን፣ ችኩል፣ ስልኩ የማያርፍ ሰው ነው። መረገጫዎቹን አየ፣ በግራ ወጣ፣ በቀኝ ወረደ፣ ደግሞ በግራ ወጣ። የማን እጅ ነው አለ። የወንድሜ ነው አለች እህትየው በኩራት። ሁለት ምስክሮች ፈረሙ፤ አንዱ በያጁ ነበር። ሾፌሩ ቁልፉን ሲሰጥ ገዢውን አላየውም። ሁለተኛው ማርሽ ትንሽ ይይዛል፣ በእርጋታ አስገባው ብቻ አለው። ሴትዮዋ ከግቢው ስትወጣ ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ግቢው ድንገት ሰፋ።

ሁለቱ አማቾች በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መኪናዋ በቆመችበት ቦታ መሬቱ ላይ ጥቁር የዘይት ጠብታ ቀርቷል። በያጁ ቦርሳውን ከፈተ፣ ከመፍቻዎቹ ሥር የወለቀውን ክንድ አወጣና ሾፌሩ ጭን ላይ አስቀመጠለት።

ሾፌሩ ብረት የማያውቅ ሰው አይደለም። ብረቱን አነሳ፣ ገለበጠው፣ ወደ ብርሃን አዞረው። አውራ ጣቱን አንዱ ነጥብ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ ሁለተኛው ላይ። ባዶውን ዙሪያ በጣቱ ዞረው። በያጁ መብራት የጠፋበትን ቀን ሊነግረው ጀምሮ ተወው፤ ሾፌሩ ሳይነገረው እያስታወሰ እንደሆነ ከፊቱ አይቷል።

«አልሳትኩትም ማለት ነው» አለ ሾፌሩ።

«አልሳትከውም። በደንብ ረግጠኸዋል። የለቀቀው የእኔ ብየዳ ነው።»

ሾፌሩ ተነሳ። በትሩን ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ተወው። ከበረንዳው ደረጃ ወርዶ፣ እግሩን ሳያይ፣ ቀጥ ብሎ ግቢውን አቋረጠና የዘይቱ ጠብታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰባት ወር ሙሉ እንደዚያ ሄዶ አያውቅም። በያጁ ይህን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አንድ ነገር የዳነ መሰለው። ሾፌሩ ጀርባውን እንደሰጠው ጠየቀ።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አለ ሾፌሩ። «ማክሰኞ። ረቡዕ። ትናንት እግሬን ሳነሳ አጠገቤ ቆመሃል። በትሬን ይዘህልኛል።»

ከመንገዱ ወዲያ የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ፤ ሁለቱም ጆሯቸውን አቀኑ። ሌላ መኪና ነበር።

ከውስጥ እህቱ ተጣራች። ምሳ ቀርቧል፣ ጋሼ፣ ሁለታችሁም ግቡ እንጂ አለች። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው።

«ለእሷ አትንገራት» አለ ሾፌሩ።

«እሺ።»

«ለጊዜው።»

በያጁ ቀና ብሎ ፊቱን ፈለገው። ሾፌሩ ግን አልዞረም። የምሩን ይሁን፣ የድሮውን ቀልድ ይሁን፣ እስከ ማታ ማለቱ ይሁን ዕድሜ ልክ፣ ከድምፁ ምንም አይለይም። ምን ማለትህ ነው ብሎ ሊጠይቀው ፈለገ። እሱን ግን ሠላሳ ዓመት ማንም እንደዚያ ጠይቆት አያውቅም፤ ሁሉም እንደመሰለው ሰምቶ ነው የሄደው። እህቱ ደግማ ተጣራች። ሾፌሩ ብረቱን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ሳያየው አልፎት ገባ። በትሩ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር፤ በያጁ አነሳውና ይዞ ተከተለው።